ዓሣውን ያየው ማነው?

ታሪክ አዘውትሮ የሚጻፈው በመጣው ሰው ስም እንጂ በነበረው ሰው ስም አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ግሽ ዓባይ ላይ ቆሞ የዓባይን ምንጭ አገኘሁ ባለ ጊዜ፣ ከፊቱ እየቀደመ ያደረሰው፣ ራሱ በመጽሐፉ ወልዶ እያለ የሚጠራው መንገድ መሪ ነበር። ከብሩስ 152 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1618፣ የኢየሱሳውያኑ ማኅበር ቄስ ጴድሮ ፓኤዝም በዚያው ምንጭ ዳር ቆሟል። የሰከላ ሕዝብ ግን ከሁለቱም በፊት ውኃውን ሲጠጣው፣ ሲጠበልበትም ኖሯል። ምንጩ የጠፋበት ሰው በአካባቢው አልነበረም። እንዲያም ሆኖ ዛሬ በዓለም መጻሕፍት የሚነሳው የብሩስና የፓኤዝ ስም ነው፤ ወልዶን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ስለ ወልዶ እንዳስብ ያደረገኝ ግን ዓባይ ሳይሆን ከዓባይ እጅግ የራቀ ባሕር ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት አሜሪካን አገር ከሚኖሩ ሦስት ወዳጆቼ ጋር ቢሚኒ ወደምትባል የባሃማስ ደሴት ዓሣ ለማጥመድ ሄጄ ነበር። ቢሚኒ ከማያሚ ከተማ በስተ ምሥራቅ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ በሰሜንና በደቡብ የተከፈለች ጠባብ መሬት ናት። በ2010 በተደረገው ቆጠራ ነዋሪዎቿ ሁለት ሺህ አልሞሉም። ይሁን እንጂ ስለ እርሷ የተጻፈውን ሲያነቡ የስመ ጥር እንግዶች መዝገብ የገለጡ ይመስልዎታል። እኔም አንባቢዬን በዚህ መዝገብ ውስጥ ላሳልፍና፣ እያንዳንዱን እንግዳ በጀልባው የጫነው ማን እንደነበረ ልጠይቅ እወዳለሁ። (ዓመተ ምሕረት ካላልሁ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ ስለ ማጥመዱ ዓይነት ጥቂት ልበል። ፈረንጆቹ ፍላይ ፊሺንግ ይሉታል፤ በዝንብ ማጥመድ እንደማለት ነው። ዝንቡ እውነተኛ ዝንብ አይደለም። ላባ፣ ጠጉርና ክር በመንጠቆ ላይ ተጠምጥሞ የሚሠራ ማታለያ ነው። ተራው አጥማጅ የሚወረውረው ክብደት ነው፤ እርሳሱ ክሩን እየጎተተ ይዞት ይሄዳል። እዚህ ግን ማታለያው ከላባ አይከብድምና ክብደቱ ያለው ወፍራም ተደርጎ በተሠራው ክር ላይ ነው። ዘንጉ ወደ ኋላና ወደ ፊት ሲወዛወዝ ክሩ በአየር ላይ ይዘረጋል፤ በቡሄ ሰሞን ጅራፍ ያጮኸ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ክሩ ከኋላ ተዘርግቶ ሳያልቅ ወደ ፊት ከመቱት ጅራፉ ይጮሃል፣ ዝንቡ ይበጠሳል፣ ዓሣውም ይሸሻል።

ጥበቡ ያረጀ ነው። በ200 ዓመተ ምሕረት ገደማ የኖረው ሮማዊው ደራሲ ክላውዲዮስ ኤልያኖስ፣ የመቄዶንያ ሰዎች አስትሬዎስ በሚባል ወንዝ ላይ ቀይ ሱፍና የአውራ ዶሮ ላባ በመንጠቆ ላይ እያሰሩ ዓሣ እንደሚያታልሉ ጽፎልናል። በ1653 እንግሊዛዊው አይዛክ ዋልተን የተሟላው አጥማጅ የሚል ትርጉም ያለውን ዝነኛ መጽሐፉን አሳተመ፤ በ1676 ደግሞ ወዳጁ ቻርልስ ኮተን ስለ ዝንብ አሠራር የሚናገረውን ክፍል ጨመረለት። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዘመን ነገሩ የቀዝቃዛ ወንዝ ጨዋታ፣ የባለርስት መዝናኛ ሆኖ ኖረ። በጨው ውኃ ላይ የተስፋፋው በሃያኛው ምዕተ ዓመት ነው። በፍሎሪዳ ደሴቶች ቦንፊሽ የሚባለውን ዓሣ አስቦበት በዝንብ በመያዝ የመጀመሪያ ነው ተብሎ የሚነገርለት ቢል ስሚዝ ነው፤ ዘመኑም 1939። ስሚዝ መተዳደሪያው እንግዳ በጀልባ ይዞ መውጣት የሆነ መሪ ነበር። ሙያውን በዓለም ያስጠራው ግን ጆ ብሩክስ የሚባለው ጸሐፊ ነው። በ1947 ጂሚ ኦልብራይት በሚባል መሪ ጀልባ ላይ ሆኖ ቦንፊሽ ያዘ፤ በ1950ም ስለ ጨው ውኃ ዝንብ መጽሐፍ አወጣ። መሪው ያዘ፣ ጸሐፊው ጻፈ፤ ስሙም የጸሐፊው ሆነ። ብሩክስን መውቀሴ አይደለም፤ መጻፍም ሥራ ነው። የወልዶ ነገር ግን የግሽ ዓባይ ብቻ አለመሆኑን ልብ ይሏል።

ቦንፊሽ አጥንታም ዓሣ ማለት ነው። ማዕድ ላይ የቀረበለት ሰው ስሙ ለምን እንደወጣለት ወዲያው ይረዳል። ቅርፊቱ እንደ መስተዋት ነው፤ ከበታቹ ያለውን የአሸዋና የሣር ቀለም ስለሚያንጸባርቅ፣ ከጉልበት በማይዘልቅ ውኃ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ፊት ለፊት ሆኖ አይታይም። የባሕሩ ሙላት ሲጀምር ከጥልቁ ወደ አሸዋማው ሜዳ ይወጣል፤ አፉን ወደ ታች ደፍቶ ሸርጣንና ሽሪምፕ ከአሸዋ እየቆፈረ ይበላል። ጉድለቱ ሲመጣ ይመለሳል። ሊያየው የሚሻ ሰው ዓሣውን ሳይሆን የዓሣውን ጥላ መፈለግ አለበት።

መሪያችን የቢሚኒ ተወላጅ፣ ዕድሜው ወደ ስድሳ የሚጠጋ፣ ንግግሩ ቁጥብ የሆነ ሰው ነበር። ሞተሩን አጥፍቶ ከጀልባዋ ኋላ ካለው መቆሚያ ላይ ወጣና በረጅም ዘንግ መሬቱን እየገፋ፣ ጣና ላይ ታንኳ እንደሚገፋ ሰው፣ ድምፅ ሳያሰማ ያንሸራትተን ጀመር። አቅጣጫ የሚነግረን በሰዓት ነበር፤ የጀልባዋ አፍንጫ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፣ ቀኝ እጅ ሦስት፣ ግራ እጅ ዘጠኝ። ከእኛ ውስጥ ታላቃችን በቀድሞው ባሕር ኃይል ምጽዋ ላይ ያገለገሉ ናቸውና ክብሩን ሰጥተን ፊት እንዲቆሙ አደረግናቸው። መሪው ቀስ ብሎ፣ «አሥር ሰዓት፣ አርባ ጫማ» አለ። ጋሼ ወደ ቀኝ ዞረው ወረወሩ። ዓሦቹ በግራ በኩል ነበሩ።

«ጋሼ፣ አሥር ሰዓት እኮ ነው ያለው» አላቸው ታናሻችን።

«እኔስ ምን አልሁ? የፈረንጅ አሥር በእኛ አራት አይደለም? አራት ደግሞ በስተ ቀኝ ነው።»

መርከብ ላይ ዓመታት የኖሩ ሰው ከአገራቸው ሰዓት አልወጡም። መሪው የሳቃችንን ምክንያት ጠይቆ ስንነግረው፣ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ በጣቱ ነበር የሚያመለክታቸው። በዚያ ቀን የተረዳሁት ነገር፣ ከአራታችን አንዳችንም ከመሪው ቀድመን ዓሣ አለማየታችንን ነው። እኛ የምናየው ብርሃን ነበር፤ እርሱ ጥላውን፣ የውኃውን መንቀጥቀጥ፣ የአሸዋውን መደፍረስ ያያል። ጋሼ እኩለ ቀን ላይ አንድ ያዙ። ክሩ ከማጠንጠኛው እየፏጨ ከመቶ ሜትር በላይ ወጣ። ዓሣው ደክሞ ሲቀርብ መሪው እጁን አርጥቦ መንጠቆውን ነቀለና፣ ጥቂት ደግፎ ይዞት፣ ለቀቀው።

«እንግዲህ ለዚህ ነው የመጣነው?» አሉ ጋሼ በአማርኛ፣ ዓይናቸው ከዓሣው ሳይነሳ።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ባሃማሳውያን ቦንፊሽን እየጋገሩም እየወጡም ይበሉት ነበር፤ መሪውም አያቱ በምድጃ ትጋግረው እንደነበር አጫውቶናል። አሁን የሚለቁት ከርኅራኄ ብቻ አይደለም። አንድ ዓሣ ቢበላ የአንድ ቀን ራት ነው፤ ቢለቀቅ ግን የነገውን እንግዳ፣ የነገውንም የቀን ዋጋ ያመጣል። በ2010 የወጣ አንድ ጥናት ይህ የጥልቀት አልባ ውኃ ማጥመድ ለባሃማስ በዓመት ወደ 141 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያስገባ ገምቷል።

አሁን ወደ መዝገቡ። የባሃማስን ደሴቶች በመጀመሪያ የያዙት ሉካያን የሚባሉ ሕዝቦች ነበሩ። ኮሎምቦስ በጥቅምት 1492 አሜሪካን አገኘ የተባለው ከእነርሱ ደሴቶች በአንዱ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት 30 ዓመታት ያህል ስፔናውያን ሕዝቡን እያፈሱ ወደ ሂስፓንዮላ ማዕድንና ወደ ዕንቁ መልቀሚያ ባሕሮች አጋዙት፤ ደሴቶቹም ባዶ ቀሩ። ፖንሴ ደ ሌዎን በ1513 በዚህ ባሕር ሲያልፍ ቢሚኒ ላይ አለ የተባለውን፣ ሽማግሌን ወጣት የሚያደርግ ምንጭ ይፈልግ ነበር ይባላል። ነገሩ ተረት ይሁን እውነት፣ ምንጭ ፈላጊው ሲደርስ መንገድ የሚመሩት ሰዎች በአብዛኛው ተግዘው አልቀው ነበር።

ዛሬ በደሴቶቹ የሚኖረው ሕዝብ በአብዛኛው ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ዘር ነው። በአብዛኞቹ የእንግሊዝ ግዛቶች ባርነት በሕግ የቀረው ነሐሴ 1 ቀን 1834 ነው። ነፃ የወጣው ሰው መሬቱ ጭንጫ ስለነበረ ፊቱን ወደ ባሕር መለሰ፤ ከተሰበሩ መርከቦች ዕቃ አዳነ፣ ስፖንጅ ለቀመ፣ ዓሣ አጠመደ። የስፖንጁ ሥራ በ1938 እና በ1939 በገባ በሽታ ወደቀ። በመካከሉ አሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 መጠጥን በሕግ ስትከለክል ቢሚኒ የአረቄ መጋዘን ሆነች። ሳፖና የምትባል ከሲሚንቶ የተሠራች መርከብ የመጠጥ ማከማቻ ሆና ቆይታ በ1926 አውሎ ነፋስ ተሰብራለች፤ አጽሟ ዛሬም ከደቡብ ቢሚኒ ማዶ ከውኃው በላይ ይታያል።

በ1935 ኧርነስት ሄሚንግዌይ ፒላር በምትባል ጀልባው መጣ። እስከ 1937 ድረስ እየተመላለሰ ትላልቆቹን ቱናና ማርሊን አጠመደ፤ ከሞተ በኋላ በ1970 የታተመው ልብ ወለዱም የመጀመሪያ ክፍሉ ቢሚኒ ይባላል። ያረፈበት ሆቴል ስሙን የወረሰው ከዋልተን መጽሐፍ ነበር፤ በጥር 2006 በእሳት ወድሟል። በ1939 የዓለም አቀፍ የስፖርት አጥማጆች ማኅበር ኒው ዮርክ ላይ ሲቋቋም መሥራቹ የቢሚኒ ደንበኛ የነበረው ማይክል ሌርነር ነበር። ማኅበሩ የክብረ ወሰን መዝገብ ይይዛል። በመዝገቡ ላይ ክብረ ወሰኑ የሚመዘገበው ዘንጉን በያዘው ሰው ስም ነው።

ቀጥሎ ያለው እንግዳ ለእኛ የቀረበ ነው። አዳም ክሌይተን ፓወል በኒው ዮርክ ሃርለም የአቢሲንያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መጋቢ፣ ከ1945 ጀምሮም የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ነበር። ይህች ቤተ ክርስቲያን የተመሠረተችው በ1808 ነው። የራሷ ታሪክ እንደሚለው፣ ጥቁሮች ከነጮች ተለይተው እንዲቀመጡ መደረጉን ያልተቀበሉ ምእመናንና የኢትዮጵያ ተወላጅ ናቸው የተባሉ ነጋዴዎች ከሌላ ቤተ ክርስቲያን ወጥተው መሠረቷት፤ ስሟንም በአገራችን ስም ሰየሙ። በ1946 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ አሜሪካን ሲጎበኙ ለፓወል መስቀል ሰጥተዋል፤ መስቀሉም የቤተ ክርስቲያኗ ምልክት ሆኖ ቀርቷል። ይኸው ፓወል በአገሩ ክስና ውዝግብ ሲበዛበት ቢሚኒን መሸሸጊያው አደረጋት፤ ዓሣ ያጠምዳል፣ ከደሴቱ ሰዎች ጋር ዶሚኖ ይጫወታል። ምክር ቤቱ በመጋቢት 1967 መቀመጫውን ነፈገው፤ በ1969 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ድርጊቱ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲል ፈረደለት። ሚያዝያ 4 ቀን 1972 ሲያርፍ አመዱ በቢሚኒ ውኃ ላይ ተበተነ።

የመጨረሻው እንግዳ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ነው። በኅዳር 1964፣ በታኅሣሥ ኦስሎ ላይ የሰላም ኖቤል ሽልማት ከመቀበሉ በፊት፣ ንግግሩን በጸጥታ ለማዘጋጀት ቢሚኒ መጣ። ጸጥታ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው ደግሞ ጀልባ ሠሪውና የቦንፊሽ መሪው አንሲል ሳውንደርስ ነበር። ሳውንደርስ ራሱ በሠራት ጀልባ ኪንግን ይዞት ወደ ማንግሮቩ ገባ። ማንግሮቭ ሥሩን በጨው ውኃ ውስጥ ተክሎ የሚቆም ዛፍ ነው፤ በመካከሉ የሚያልፈው የውኃ መንገድ ጠባብ ስለሆነ የማያውቀው ሰው ይጠፋበታል። ሳውንደርስ ለጠየቀው ሁሉ እንደሚያወሳው፣ በዚያ ተቀምጠው ስለ ፍጥረትና ስለ ፈጣሪ ተነጋገሩ፤ እርሱም የደረሰውን የምስጋና መዝሙር ለኪንግ በቃሉ ደገመለት። ኪንግ በ1968ም ተመልሶ መጥቶ ከሳውንደርስ ጋር ወደዚያው ቦታ ሄዷል። የሜምፊስ የጽዳት ሠራተኞች አድማ የተያዘበት ወራት ነበር። ሚያዝያ 4 ቀን በዚያች ከተማ ተገደለ። ዛሬ በማንግሮቩ መካከል የኪንግ ምስል ቆሟል።

መሪያችን ወደዚያ ወሰደን። ሞተሩን ከሩቅ አጠፋ። በዛፎቹ ሥር ጣት የሚያህሉ የዓሣ ልጆች ይርመሰመሳሉ፤ የጨቅላ ሻርክ ጥላም አለፈ። ስለ ዘንግ የሚያወራ ከመካከላችን አልነበረም። ጋሼ ኮፍያቸውን አነሱ፤ መሪውም አይቶ የራሱን አነሳ። የእርሱ አባት እንግዶች ሲመገቡበት ከነበረ አዳራሽ በቀለሙ ምክንያት እንዳይገባ ይከለከል እንደነበር ያን ጊዜ ነገረን፤ ቀን ግን እነዚያኑ እንግዶች በጀልባው ያወጣ ነበር።

እንዲህ ያለው ክልከላ በደሴቶቹ ሁሉ የተለመደ ነበር። በ1956 የጋዜጣ ባለቤቱ ኤትየን ዱፑሽ በሕዝብ መገልገያ ቦታዎች የዘር ልዩነት እንዲቀር ለባሃማስ ምክር ቤት ሐሳብ አቀረበ። ጥር 10 ቀን 1967 የጥቁሩ ብዙኃን ፓርቲ በሊንደን ፒንድሊንግ መሪነት ሥልጣን ያዘ፤ ሐምሌ 10 ቀን 1973 ባሃማስ ነፃ አገር ሆነች። በአሥር ሳንቲሟ ላይ ሁለት ቦንፊሽ ተቀርጸዋል። ዓሣው ገንዘብ ላይ ወጥቷል፤ ዓሣውን የሚያሳየው ሰው ስም ግን ገና እየተፈለገ ነው።

ጥቂት ምልክቶች አሉ። በ1971 ሳውንደርስ በመራው ጉዞ ከ16 ፓውንድ፣ ማለትም ከሰባት ኪሎ በላይ የመዘነ ቦንፊሽ ተይዞ በክብረ ወሰንነት ተመዝግቧል። በ1977 ቦብ ናውሃይም የሚባል አሜሪካዊ አንድሮስ በሚባለው ደሴት ያሰራት ዝንብ በመሪው በቻርሊ ስሚዝ ስም ተጠርታ፣ ክሬዚ ቻርሊ ተብላ ዓለምን ዞራለች። ሁለት የብረት ዶቃ ዓይኖች ስላሏት ትሰጥማለች፤ መንጠቆዋም ወደ ላይ ተገልብጦ ስለሚሄድ አሸዋውን አይነክስም። ቦንፊሽ የሚጠመድበት አገር ሁሉ የዚህ ጥቁር መሪ ስም በዝንብ ሣጥን ውስጥ አለ። በ2017 ደግሞ የባሃማስ መንግሥት በእነዚህ ሜዳማ ውኃዎች የሚያጠምድ ጎብኚ ፈቃድ እንዲያወጣ የሚያዝ ደንብ አወጣ። ደንቡ ከመውጣቱ በፊት በመሪዎችና በውጭ አገር ባለ ማረፊያ ቤቶች መካከል ብርቱ ክርክር ነበር፤ የክርክሩ ፍሬ ነገር ይህ ዕውቀት የማን ሀብት ነው የሚል ነው።

ለእኔ ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይኸው ነው። በሰሜን ቢሚኒ ብዙ ማንግሮቭ ለመዝናኛና ለመኖሪያ ግንባታ ተመንጥሯል። ሳሙኤል ግሩበር በ1990 በደቡብ ቢሚኒ ያቋቋመው የሻርክ ጥናት ጣቢያ፣ በዚያ ያለው የማንግሮቭ ውኃ የሎሚ ሻርክ ልጆች ማደጊያ መሆኑን፣ እናቶቹም ለመውለድ ወደ ተወለዱበት ሥፍራ እንደሚመለሱ አሳይቷል። በመስከረም 2019 የደረሰው ዶሪያን የተባለው አውሎ ነፋስ ደግሞ በግራንድ ባሃማና በአባኮ ደሴቶች ሰፊ የማንግሮቭ ደን አጥፍቷል። ደኑ ሲያልቅ የሚያልቀው ዓሣው ብቻ አይደለም። የትኛው ሙላት በየትኛው ነፋስ ዓሣውን ወደ የትኛው አሸዋ እንደሚያመጣ የሚያውቀው ዕውቀት በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ ከአባት ለልጅ በጀልባ ላይ የሚሰጥ ነው። መሪያችን ልጁ ማያሚ ሄዶ ሥራ መያዙን ነግሮናል። የጀልባው ዘንግ የሚወርሰው አጥቷል።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህ እንግዳ ነገር ሊሆንብን አይገባም። ጣና ላይ የደንገል ታንኳ የሚሠሩትን፣ የሐይቁን ነፋስ በሽታ የሚለዩትን ወይጦዎች ስም ስንቶቻችን እናውቃለን? የገዳማቱን ሥዕል ለማየት በእነርሱ ውኃ ተሻግረን፣ ስንመለስ የምንጽፈው ስለ ሥዕሉ ነው። ጸሐፊ ያየውን ይጻፍ፤ ነገር ግን ማን እንዳሳየው አብሮ ይጻፍ። ዘንጉን የያዘው ሰው ከፊት ስለሚቆም ፎቶግራፉ ላይ የሚወጣው እርሱ ነው። ዓሣውን ያየው ግን ከኋላው፣ ከፍ ብሎ የቆመው ነው።